«ሪስፔክቲቭሊ» ማለት ምን ማለት ነው?

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ገጹ መሃል ለመሃል በመስመር ተከፍሏል፤ በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አማርኛ። «ኦብፈስኬት»፣ «ኡቢኩዊተስ»፣ «ሎኳሽየስ»... በቀን ሃያ ሃያ ቃል ትሸመድዳለች። ጎበዝ ብዬ ወደ ፊዚክስ የቤት ሥራዋ ዞርን። ጥያቄው ሁለት መኪኖች በሰከንድ 20 እና 30 ሜትር እንደሚጓዙ ይናገርና መጨረሻ ላይ «ሪስፔክቲቭሊ» ይላል። ዘለለችው። ምን ማለት ነው ስላት ትንሽ አሰብ አድርጋ «ከአክብሮት ጋር?» አለችኝ።

ሳቅኩ። ከዚያ አፈርኩ፤ ምክንያቱም በሷ ዕድሜ እኔም ያው ነበርኩ። ያን ጊዜም ደብተሩ መሃል ለመሃል ይሰመር ነበር፣ ያን ጊዜም «ሃርድ ወርድ» የሚያውቅ ልጅ ይፈራ ነበር። ይሄ ነገር ከየት መጣ ብዬ ወደ ኋላ መቁጠር ጀመርኩ። (ዓመቶቹ፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በእኛው አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ እንግሊዝኛ አልነበረም። በ1900 ገደማ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም ሆነ በ1917 የተከተለው ተፈሪ መኮንን በዋናነት ወደ ፈረንሳይኛ ያደሉ ነበሩ። የባቡሩም ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነው፣ የዲፕሎማሲውም። ጣሊያን ገብቶ ትምህርት ቤቶቹን ዘጋ፤ ከተማሩት መካከል ብዙዎቹን ፈጀ። በ1933 ንጉሡ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲመለሱ መጽሐፉም፣ አማካሪውም፣ መምህሩም በእንግሊዝኛ መጣ። ኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ተከፈተ፣ ጄኔራል ዊንጌት ተከተለ። በ1943 የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ሲጀመር ደግሞ እንግሊዝኛ ያልያዘ በሩን የሚያልፍበት መንገድ አልነበረም። ዛሬም «ማትሪክ» የምንለው ቃል ራሱ የለንደን ፈተና ትዝታ ነው።

«የድሮ ተማሪ እንግሊዝኛው!» እያሉ የሚቆጩ ታላላቆቻችን አሉ። ልክ ናቸው፤ ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻው አይቆጥሩትም። ያኔ ልጁ ገና በአንደኛ ደረጃ መካከለኛ ክፍሎች ሳለ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሆንበት ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ደግሞ የሚያስተምረው አማርኛ የማይችል ሰው ነው፤ እንግሊዛዊ፣ ካናዳዊ፣ ከሁሉም በላይ ህንዳዊ። በ1955 መግቢያ ላይ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ የሰላም ጓድ አሜሪካውያን ገቡ፤ ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ ወጣቶች በአንድ ጊዜ። ከነዚህ መምህራን ጋር ለመጣላትም ቢሆን እንግሊዝኛ ያስፈልግ ነበር። ከአዳሪ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሌላ መዝናኛም የለም። ቃሉ በደብተር ሳይሆን በኑሮ ነበር የሚገባው። እና አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ እነዚያ ልጆች ከአገሩ ልጆች ሁሉ እጅግ ጥቂት እፍኝ ነበሩ። አብዛኛው የገበሬ ልጅ የትምህርት ቤት በር አላየም።

ከ1956 ገደማ ጀምሮ እስከ 6ኛ ክፍል ያለው ትምህርት በአማርኛ ሆነ። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር እላለሁ። ግን እንግሊዝኛው 7ኛ ክፍል ላይ ድንገት ይጀምራል። ደርግ ትምህርቱን አስፋፋ፤ ተማሪው ሲበዛ የውጭ መምህሩ ሄደ፣ መጽሐፉም አነሰ። ጆን ስቶዳርት የተባለ እንግሊዛዊ ባለሙያ በ1978 ገደማ ሁኔታውን አጥንቶ ሲጽፍ፣ እንግሊዝኛው የማስተማሪያ መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ ለትምህርቱ ዕንቅፋት ሆኗል የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ። ማንም አልደነገጠም።

በ1986 የወጣው ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃን ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ አደረገ፤ ሁለተኛ ደረጃው በእንግሊዝኛ ቀጠለ። በ1997 አካባቢ ፕላዝማው መጣ። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ወርዶ ክፍል ውስጥ ይንጣጣል። የቴሌቪዥኑ መምህር ጥያቄ ጠይቆ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቅና «ቬሪ ጉድ» ይላል፤ ማን እንደመለሰለት እንጃ! የኛው መምህር ጥግ ላይ ቆሞ አብሮን ያያል። የዚያ ዘመን ልጅ የሆነ ሁሉ ይህን «ቬሪ ጉድ» አይረሳውም።

በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሩ ስህተት አልነበረም። በ1999 አካባቢ ለትምህርት ሚኒስቴር የተሠራ አንድ ትልቅ ጥናት እስከ 8ኛ ክፍል በራሳቸው ቋንቋ የተማሩት በሒሳብና በሳይንስ የተሻሉ መሆናቸውን አሳይቷል። ችግሩ ያለው ከ8ኛ ወደ 9ኛ በሚሻገሩበት ክረምት ላይ ነው። እዚያ ወንዝ ላይ ድልድይ የለም። ሰኔ ላይ ሳይንስን በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የተማረ ልጅ መስከረም ላይ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይታቀፋል። ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ድልድዩን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በወር ክፍያ ይገዛል። ሌላው ልጅ ሃርድ ወርድ ይሸመድዳል።

እዚህ ላይ ነው የእህቴ ልጅ ደብተር የሚያበሳጨኝ። የቃላት ጥናት ባለሙያዎች ይህን ከኛ ቀድመው ቆጥረውታል። እ.ኤ.አ. በ1953 ማይክል ዌስት ለጀማሪ ወደ 2,000 የሚሆኑ መሠረታዊ ቃላትን ለየ። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ የኒውዚላንዷ አቨሪል ኮክስሄድ የዩኒቨርሲቲ መጻሕፍትን መርምራ 570 የቃል ቤተሰቦችን አወጣች፤ ከአንድ የትምህርት ጽሑፍ አሥር በመቶ ያህሉ በነዚህ ይሸፈናል። ምን ዓይነት ቃላት መሰሏችሁ? «አሲዩም»፣ «ዲራይቭ»፣ «ኮንስታንት»፣ «ኢቫሉዌት»። ለጆሮ የማይደምቁ፣ ማንም የማይፎክርባቸው ቃላት። «ኦብፈስኬት»ን ልጅቷ በሁለተኛ ደረጃ መጻሕፍቷ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ላታገኘው ትችላለች፤ «አሲዩም»ን ግን በየገጹ። ግን እሱን የሚያስተምር የለም። የእንግሊዝኛ መምህሩ የፊዚክስ ነው ይላል፣ የፊዚክስ መምህሩ የእንግሊዝኛ ነው ይላል።

የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር ሁላችንም የሰማነውን ቁጥር ታስታውሳላችሁ፤ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ 3.3 በመቶ። ጦርነት ነበር፣ ኮሮና ነበር፣ ኩረጃው ተዘግቶ ነበር፤ ሁሉንም እንግሊዝኛ ላይ መለጠፍ አይቻልም። ግን ከቀሩት ስምንት መቶ ስልሳ ስድስት ሺህ ልጆች ስንቱ መልሱን እያወቀ ጥያቄው እንዳልገባው ስናስብ፣ «ትውልዱ ሰነፈ» ማለት ትንሽ አፍ ሊይዘን ይገባል።

ያን ቀን ማታ ከእህቴ ልጅ ጋር ቁጭ ብለን የፊዚክስ መጽሐፏን አንድ ምዕራፍ ገለጥን። ያልገባትን ቃል ሁሉ በእርሳስ አሰመረች፤ ሠላሳ አንድ ሆነ። በአዲስ ገጽ ላይ መሃሉን አስምሬ መጀመሪያ «ሪስፔክቲቭሊ» ብዬ ጻፍኩ፣ በቀኝ በኩል «እንደ ቅደም ተከተላቸው»። ገጹን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሃርድ ወርድ አይደለም» አለችኝ።