ባትሪው አልሞላም ሲል፦ የተጠራቀመ ኃይል ታሪክ ከሬዲዮ ድንጋይ እስከ ላፕቶፕ

በእንጅባራ ወይም በዳንግላ ተመድቦ የሚሠራ አንድ ባልደረባችን፣ በማግሥቱ የሚያቀርበውን ሪፖርት ለመጨረስ ማታ ላፕቶፑን ከሶኬት ጋር አገናኝቶ ይቀመጣል እንበል። መብራት አለ፤ ሽቦው ተሰክቷል፤ ኮምፒውተሩም ይሠራል። ባትሪው ግን አይሞላም። ጥቂት ቆይቶ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ያለማስጠንቀቂያ ይጠፋል፤ ያልተቀመጠው ጽሑፍም አብሮት ይጠፋል። በማግሥቱ ጧት የሚሰጠው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ባትሪው ሞቷል፤ ሌላ ይገዛ።»

ይህ ፍርድ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የተቸኮለ ፍርድ ነው። ከዚያም በላይ፣ ባትሪውን ለማዳን በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ የሚደረጉት ሙከራዎች ከፊሎቹ ለአሁኑ ባትሪ የማይስማሙ፣ ከቀድሞዎቹ የባትሪ ዓይነቶች የወረስናቸው ልማዶች ናቸው። ስለዚህ የማይሞላን ባትሪ ችግር በሚገባ ለመረዳት ታሪኩን መመርመር ያስፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው።

1. ኃይልን የማጠራቀም ጥበብ አጀማመር

የኢጣልያው ሊቅ አሌሳንድሮ ቮልታ የመዳብና የዚንክ ዝርግ ሰሌዳዎችን ጨዋማ ውኃ በነካ ጨርቅ እየለየ በመደርደር የማያቋርጥ የኤሌክትሪክ ፍሰት ማግኘቱን ለዓለም ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1800 ነበረ። ይሁን እንጂ የቮልታ ባትሪ ኃይሉን ከሰጠ በኋላ መልሶ የሚሞላ አልነበረም። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የእርሳስ ዝርግ ሰሌዳዎችን በሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ በመንከር መልሶ ሊሞላ የሚችለውን የመጀመሪያ ባትሪ ሠራ። ዛሬ በመኪና ውስጥ የምናየው ባለአሲድ ባትሪ የዚያ ቀጥተኛ ዘር ነው። በ1860ዎቹ ደግሞ ሌላው ፈረንሳዊ ጆርጅ ሌክላንሼ በዚንክና በማንጋኒዝ የሚሠራውን ባትሪ አስገኘ። ይህ ኋላ ደረቅ ሆኖ ተሠርቶ የሬዲዮና የእጅ መብራት ባትሪ ሊሆን በቃ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1894 ከሐረር ወደ አዲስ አበባ የሚደርሰው የስልክ መስመር ሥራ ሲጀመር የባትሪ ታሪካችንም አብሮ ተጀመረ ለማለት ይቻላል። የዚያ ዘመን ስልክና ቴሌግራፍ በየጣቢያው ከሚቀመጥ ባትሪ ኃይል ካላገኘ ድምፅም ሆነ ምልክት ሊያስተላልፍ አይችልም ነበርና። ማለትም በብዙ የአገራችን ክፍል ባትሪ ከኤሌክትሪክ መስመር ቀድሞ የገባ እንግዳ ነው።

2. ባለአሲዱ ባትሪና የጎጃም ዘመቻ

የአሁኑ አዊ ዞን ምድር መልሶ ከሚሞላ ባትሪ ጋር የተዋወቀበትን አንድ ጉልህ ጊዜ ከአርበኞች ተጋድሎ ታሪክ ውስጥ እናገኛለን። በኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ የሚመራው ቡድን በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ከሱዳን ተነሥቶ ወደ ጎጃም ገባ። ኅዳር 11 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦርድ ዊንጌት በአነስተኛ አውሮፕላን ፋጉታ በተባለው ሥፍራ አርፎ ከሳንድፎርድ ጋር ተገናኘ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ድንበሩን ተሻግረው ወደ በላያ አመሩ፤ በየካቲት ወር ዳንግላና እንጅባራ ከኢጣልያ ጦር እጅ ወጡ።

በካርቱም ባለው አዛዥና በጎጃም ተራሮች ላይ ባለው ቡድን መካከል የነበረው ፈጣን ግንኙነት በሬዲዮ ነበረ። የዚያ ዘመን የመስክ ሬዲዮ ደግሞ የሚመገበው ከባለአሲድ ባትሪ ነው። ባትሪውን ለመሙላት ሞተር፣ ለሞተሩ ቤንዚን፣ ሁሉንም ለማጓጓዝ ደግሞ የጭነት ከብት ያስፈልጋል። እንግዲህ የሬዲዮ ሠራተኛው ዋነኛ ጭንቀት ምን እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ባለአሲዱ ባትሪ አልሞላ የሚልበት ምክንያት ግልጽ ነው። ኃይሉን ሲሰጥ በሁለቱም ሰሌዳዎቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት የተባለ ንጥረ ነገር ይፈጠራል። ቶሎ ከተሞላ ይህ ንጥረ ነገር ወደ ነበረበት ይመለሳል። ባዶውን ለሳምንታት ከተቀመጠ ግን ሰልፌቱ ይጠጥራል፤ ኤሌክትሪክም አያልፈውም፤ ባትሪውም ለዘለቄታው «እምቢ» ይላል። ከዚህም የተነሣ የባለአሲድ ባትሪ ሕግ «ባዶውን አታሳድረው፤ ውኃውን አታጉድል» የሚል ሆነ። ይህ ሕግ ለመኪናና ለፀሐይ ኃይል ማጠራቀሚያ ባለአሲድ ባትሪ ዛሬም የጸና ነው።

3. የሬዲዮ ድንጋይ

ከዚህ በኋላ የመጣው ዘመን የድንጋይ ዘመን ነው ብንል ቀልድ አይሆንም። ባትሪ ስንል የእጅ መብራቱን ማለታችን ነበረ፤ ውስጡ የሚገባውን ግን ድንጋይ እንለው ነበረ። ትራንዚስተር ሬዲዮ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ በዓለም ገበያ ላይ ሲወጣ፣ መብራት ወዳልደረሰበት ገጠር ዜናን፣ ዘፈንንና የሬዲዮ ትምህርትን ያስገባው ይኸው ባለ1.5 ቮልት ድንጋይ ነበረ።

ድንጋይ ሲደክም ምን ይደረግ እንደነበረ ከአንባብያን መካከል የማያስታውስ ጥቂት ነው። ከሬዲዮው ተፈትቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ሬዲዮው ለጥቂት ጊዜ ይናገራል። ይህ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ፀሐይ ድንጋዩን ስለሞላችው አይደለም። ሙቀቱ በውስጡ የቀረውን ኬሚካላዊ ሥራ ስላፋጠነው፣ ያረፈበትም ጊዜ ስለረዳው ነው። ዚንኩ አንዴ ከተበላ ፀሐይ አትመልሰውም።

የሬዲዮው ድንጋይ አልፎ ልማዱ ግን ቀረ። ዛሬ የላፕቶፕን ባትሪ አውልቆ ፀሐይ ላይ የሚያሰጣ ሰው ቢገኝ የአባቱን የሬዲዮ ጥበብ መከተሉ ነው። ለሊቲየም ባትሪ ግን ሙቀት ዋነኛ ጠላት ነው፤ ዕድሜውን ያሳጥራል፤ ሲብስም ለእሳት አደጋ ይዳርጋል።

4. ኃይል በደጃፍ፣ ችግር በመስመር

አዊ ዞን ከውኃ ኃይል ምንጮች የራቀ አገር አይደለም። በምሥራቅ በኩል 11.4 ሜጋዋት የነበረው የመጀመሪያው ጢስ ዓባይ ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ጀመረ። ከጣና ሐይቅ ውኃ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ የሚለቀው ባለ460 ሜጋዋት የበለስ ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. ተመረቀ። በምዕራብ በኩል በጎረቤት መተከል ዞን የሚገኘው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ አቅሙም 5,150 ሜጋዋት ነው።

ነገር ግን ኃይል ማመንጨትና ኃይልን በየቤቱ በጥራት ማዳረስ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በረጅም የስርጭት መስመር ጫፍ ያለ ቤት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ምጣድ በሚጥድበት ሰዓት ከ220 ቮልት በታች ያገኛል። ሰዎች ላፕቶፑ ያልሞላው በዚህ የተነሣ ነው ይላሉ። ይሁን እንጂ አብዛኛው የላፕቶፕ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት እንዲቀበል ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ መጠነኛ መውረድን ይችላል። ይበልጥ የሚጎዳው ተቃራኒው ነው፤ ይኸውም ጠፍቶ የቆየ መብራት ሲመለስ የሚፈጠረው ድንገተኛ ግፊት፣ እንዲሁም የመስመሩ ኒውትራል ሲበጠስ በአንዳንድ ቤቶች የሚታየው ወደ 380 ቮልት የሚጠጋ ጭማሪ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ አስቀድሞ የሚቃጠለው ቻርጀሩ እንጂ ባትሪው አይደለም። የሚረገመው ግን ባትሪው ነው።

5. የላፕቶፕ ባትሪ፦ ራሱ የሚፈርድ ዕቃ

እ.ኤ.አ. በ1981 ለገበያ የቀረበው ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር ኦዝቦርን 1 ባትሪ አልነበረውም። በዚያው ጊዜ አካባቢ የወጣው ኤፕሰን ኤችኤክስ-20 ግን በኒኬል ካድሚየም ባትሪ ይሠራ ነበረ። የኒኬል ካድሚየም ባትሪ በከፊል ብቻ እያለቀ ደጋግሞ ከተሞላ አቅሙን የሚቀንስ ጠባይ ይታይበታል። «ባትሪ ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ አትሙላ» የሚለው ምክር የተወለደው እዚህ ላይ ነው።

የሊቲየም ባትሪ ሲመጣ ይህ ምክር ተሻረ። ስታንሊ ዊቲንግሃም በ1970ዎቹ መሠረቱን ጣለ፤ ጆን ጉድኢናፍ እ.ኤ.አ. በ1980 የኮባልት ኦክሳይድን ጥቅም አሳየ፤ አኪራ ዮሺኖ በ1985 ለአገልግሎት የሚበቃውን ናሙና ሠራ፤ ሶኒ ኩባንያ በ1991 ለገበያ አቀረበው። ሦስቱ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2019 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። ለሊቲየም ባትሪ ሙሉ በሙሉ ማለቅ ጉዳት እንጂ ጥቅም አይሆንለትም።

ከቀድሞዎቹ የሚለይበት ሌላም ዐቢይ ነገር አለ። የተለመደው የሊቲየም ሕዋስ ከ4.2 ቮልት በላይ እንዳይሞላ፣ እጅግም ዝቅ ብሎ እንዳይወርድ፣ ከዜሮ ዲግሪ በታች ባለ ብርድ ወይም በከፍተኛ ሙቀት እንዳይሞላ የሚጠብቀው የኤሌክትሮኒክ ተቆጣጣሪ በባትሪው ውስጥ ተገጥሞለታል። ስለዚህ ባለአሲዱ ባትሪ አልሞላም ሲል በሽታ ነበረ፤ የላፕቶፕ ባትሪ አልሞላም ሲል ግን ብዙ ጊዜ ውሳኔ ነው። ባለሙያው መጠየቅ ያለበትም «ሞቷል ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ማን ከለከለው? ለምንስ?» ብሎ ነው።

ይህ ጉዳይ በአገራችን የግለሰብ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በተባለው ዓለም አቀፍ ዕቅድ ጥቂት ሺህ ላፕቶፖች ለተማሪዎች ሲታደሉ፣ በ2011 ዓ.ም. ሊካሄድ ታስቦ ለተራዘመው የሕዝብና ቤት ቆጠራም 180,000 ያህል ታብሌቶች ሲገዙ፣ ከመሣሪያው እኩል የሚያሳስበው ባትሪው የት ይሞላል የሚለው ጥያቄ ነበረ። ለቆጠራው ከታብሌቶቹ ጋር ፓወር ባንክ መገዛቱም ለዚህ ምስክር ነው።

6. የምርመራው ቅደም ተከተል

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ምርመራን ከውጭ ወደ ውስጥ ማካሄድ ነው።

አንደኛ፣ ሶኬቱን በሌላ ዕቃ መፈተን። ሁለተኛ፣ ቻርጀሩን መመርመር፤ በላዩ የተጻፈው ቮልትና ዋት ከላፕቶፑ ጥያቄ ጋር መስማማቱን ማየት፣ በመለኪያም መፈተን። አብዛኛው ቻርጀር 19 ወይም 20 ቮልት ያህል ይሰጣል። በአንዳንድ ስሪቶች የቻርጀሩ ጫፍ ለላፕቶፑ ማንነቱን የሚያስታውቅበት ቀጭን ሽቦ አለው። ያ ሽቦ ከተበጠሰ ኮምፒውተሩ ይሠራል፤ ባትሪው ግን አይሞላም። በመግቢያችን ላይ ያየነው እንቆቅልሽ አንዱ ፍቺ ይህ ነው። በዩኤስቢ-ሲ የሚሞላውን ላፕቶፕ በስልክ ቻርጀር ለመሙላት መሞከርም ተመሳሳይ ውጤት ያስከትላል።

ሦስተኛ፣ የላፕቶፑ መሰኪያ ቀዳዳ መላላቱንና መቆሸሹን ማየት። አራተኛ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ፣ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ባትሪው የሚወልቅ ከሆነም አውጥቶ፣ ማብሪያውን ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭኖ መያዝ፤ ከዚያም መልሶ ማገናኘት። በዚህ ብቻ የግራ ተጋባው ተቆጣጣሪ የሚስተካከልበት ጊዜ ብዙ ነው። አምስተኛ፣ ባትሪው በ60 ወይም በ80 ከመቶ ላይ የሚቆም ከሆነ፣ ዕድሜውን ለማርዘም የተደረገ የአሠራር ምርጫ መኖሩን መፈተሽ፤ ይህ ብልሽት አይደለም። ስድስተኛ፣ የጋለውን ማቀዝቀዝ። ከእንጅባራ ውርጭ የገባውን ደግሞ ክፍሉን እስኪለምድ መታገሥ።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ነው የባትሪውን ጤንነት የምንጠይቀው። ኮምፒውተሩ ባትሪው ሲሠራ የነበረውን አቅምና ዛሬ የሚይዘውን አቅም ጎን ለጎን የሚያሳይ ሪፖርት ያወጣል። የዛሬው ከቀድሞው ግማሽ በታች ከወረደ ያን ጊዜ «አርጅቷል» ማለት ይቻላል። አብጦ ከተገኘ ግን ምንም ዓይነት ምርመራ አያስፈልግም፤ ሳይወጉና ሳይጫኑ ከአገልግሎት ማውጣት ብቻ ነው።

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል ያየ ሰው፣ ፈረሰኛው ከግልቢያ የተመለሰውን ፈረስ እንዴት እንደሚይዘው ያውቃል። ላቡ ሳይደርቅ ውኃ አያጠጣውም፤ አልበላም ያለውንም ፈረስ ሞተ ብሎ አይጥለውም። አፉን፣ ጥርሱን፣ ሆዱን በየተራ ይመረምራል። ከእኛም ሙያ የሚጠበቀው ከዚህ የበለጠ አይደለም። መተኪያ ባትሪ ከሩቅ ገበያ በብዙ ገንዘብ በሚመጣበት፣ በአንድ ኮምፒውተር የብዙ ሰው ሥራ በሚሠራበት አካባቢ፣ በቅደም ተከተል መመርመር የአንድን ባልደረባ የወር ደመወዝ፣ የአንድን ትምህርት ቤት የዓመት መዝገብ ሊያድን ይችላል። ባትሪው አልሞላም ሲል፣ ከመፍረዳችን በፊት ከመስመሩ ጀምረን እንጠይቅ።