ቴሌቪዥኑን የሚዘጋው ማነው?

ዛሬ ትንሽ ታሪክ ላውጋችሁ። መጨረሻው ግን ስለ ጤናችሁ ነው።

በሀገራችን ቴሌቪዥን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዕለት ነው። ለረጅም ዘመን ጣቢያው አንድ ብቻ ነበር፤ ስርጭቱም በቀን ጥቂት ሰዓት ነበር።

እኔ መቐለ ላይ ልጅ ሳለሁ ቴሌቪዥን የምናየው ጎረቤት ቤት ነበር። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን፣ ምንጣፍ ላይ ተደርድረን አባባ ተስፋዬን እናያለን። ሲያልቅ ወደየቤታችን ሄደን የሰማነውን ተረት ለአያቶቻችን በትግርኛ እናወራለን። ይበቃችኋል የሚለን ጣቢያው ራሱ ነበር።

ወጣት ስንሆን ዲሽ መጣ፤ የዓረብ ጣቢያዎችን ፊልም እያየን አመሸን። በ2008 ዓ.ም. ቃና ሲጀምር ደግሞ ወደ አማርኛ የተመለሱ የውጭ ድራማዎች የስንቱን ቤት የእራት ሰዓት አዛወሩ። አሁን ሁሉም በየስልኩ ነው። ማያው ከሳሎን ወደ አልጋ ገባ፤ "አለቀ" የሚባል ነገርም ቀረ።

በጦርነቱ ጊዜ መብራትም ኔትወርክም ጠፍቶ ቴሌቪዥናችን ለወራት ጨርቅ ለብሶ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ማንም አይመኘውም። ከ2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ መብራት ሲመለስ ግን ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ለመካስ ብለን ከጠዋት እስከ ማታ ከፈትንላቸው። ደክሞን ነበርና ማንንም አልወቅስም።

ዛሬ ግን "ዶክተር፣ ሁለት ዓመት ሞላው፣ አፉን አልፈታም" የሚሉኝ እናቶች አሉ። ትግርኛ በሚነገርበት ቤት እያደገ የካርቱን እንግሊዝኛ ብቻ የሚደግም ልጅም አያለሁ። ልጅ ቋንቋ የሚማረው ከሚመልስለት ሰው ነው። ቴሌቪዥን ያወራል እንጂ አይመልስም።

ስለዚህ፦

• ዕድሜው ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ቴሌቪዥንም ስልክም አትክፈቱ። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ፤ ቢያንስ ደግሞ ይሻላል። ይህ የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ነው።
• ንግግር የዘገየበትን ልጅ ቴሌቪዥን በመዝጋት ብቻ አትጠብቁት። ወደ ሐኪም አምጡት፤ ጆሮውም ይመርመር።
• ዜና እየሰሙ የሚያመሹ አባትና እናት ካሏችሁ፣ በየመሃሉ እየተነሱ ይንቀሳቀሱ። የሚያስጨንቅ ዜና ከመኝታ በፊት አይስሙ፤ እንቅልፍ ይነሳል።

ድሮ ጣቢያው ራሱ ይዘጋልን ነበር። ዛሬ ያ ሥራ ወደ እኛ መጥቷል።

በእናንተ ቤትስ ማነው የሚዘጋው? ጻፉልኝ። ሰላምና ጤና ለቤታችሁ!