የአርባ ዓመት ድንበር፦ ዕድሜ በሥራ ቦታ፣ በግምትና በእውነታ መካከል

እውቁ ሐኪም ፕሮፌሰር ዊልያም ኦስለር እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1905 በባልቲሞር፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የስንብት ንግግር አደረጉ። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፕሮፌሰሩ የዓለም ፍሬያማ ሥራ የሚሠራው በ25 እና በ40 ዓመት ዕድሜ መካከል እንደ ሆነ፣ ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ ሰው በንጽጽር ሲታይ እምብዛም እንደማይጠቅም፣ ስድሳን ያለፈው ደግሞ ሥራውን ጨርሶ ቢተው እንደሚሻል ተናገሩ። እንግሊዛዊው ደራሲ አንቶኒ ትሮሎፕ በ1882 ካሳተመው ልብ ወለድ ጠቅሰውም አረጋውያንን በክሎሮፎርም ስለማሰናበት ቀለዱ። ጋዜጦች ቀልዱን እንደ ቁም ነገር አስተጋቡት፤ በእንግሊዝኛም «ኦስለራይዝ ማድረግ» የሚል ግስ እስከ መፈጠር ተደረሰ።

ይህን የተናገሩት ሰው በዚያን ዕለት የ55 ዓመት ጎልማሳ ነበሩ። የሚሰናበቱትም ጡረታ ሊወጡ ሳይሆን በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከፍተኛ የተባለውን የሕክምና ወንበር ሊረከቡ ነበር። በዚያም ሥራ ላይ እንዳሉ በ1919 በ70 ዓመታቸው ዐረፉ። ስማቸውን ያስጠራውን ታላቁን የሕክምና መማሪያ መጽሐፍ ያሳተሙትም በ1892፣ አርባን ካለፉ በኋላ ነበር። በራሳቸው መስፈርት ቢዳኙ ኖሮ ያ መጽሐፍ ባልተጻፈ ነበር።

ይህን ማንሣታችን በኦስለር ለመሳለቅ አይደለም። ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ ሠራተኛን በዕድሜው የሚከፍለው ድንበር ከወዴት መጣ? ሥራን በመለካት የተገኘ ነው ወይስ በሌላ ምክንያት ተወስኖ ኋላ የተፈጥሮ ሕግ መስሎ የታየ?

የጡረታ ታሪክ ለዚህ መልስ ይሰጣል። የቢስማርክ ጀርመን በ1889 ባወጣችው የአረጋውያን መድን ሕግ የጡረታ መነሻው ዕድሜ 70 ነበር፤ በ1916 ወደ 65 ዝቅ ተደረገ። አሜሪካም በ1935 የማኅበራዊ ዋስትና ሕጓን ስታወጣ 65ን መረጠች። ከዚያ ቀደም ሲል፣ በ1900፣ የፔንሲልቫኒያ የባቡር ኩባንያ ሠራተኞቹ በ70 ዓመታቸው በግዴታ ጡረታ እንዲወጡ ሲደነግግ፣ ከ35 ዓመት በላይ የሆነ አዲስ ሠራተኛ እንዳይቀጠርም በዚያው ደንብ ወስኖ ነበር። ምሥጢሩ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ነው። ዘግይቶ የተቀጠረ ሰው ጥቂት ዘመን አገልግሎ የጡረታ ባለ መብት ይሆናል። እንግዲህ የሠላሳ ስድስት ዓመቱን ሰው ከበር የመለሰው የክንዱ መዛል ሳይሆን የኩባንያው ስሌት ነበር። ጊዜ ሲያልፍ ስሌቱ ተረሳ፤ «ዕድሜው ገፍቷል» የሚለው ፍርድ ግን ቀረ።

የዚህ ፍርድ ስፋት በይፋ የታወቀው ዘግይቶ ነው። በ1964 የወጣው የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ በቅጥር ረገድ ዘርን፣ ሃይማኖትንና ጾታን ሲጠቅስ ዕድሜን አልጨመረም፤ ጉዳዩ እንዲጠና ብቻ አዘዘ። የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዊላርድ ዊርትዝ በ1965 ባቀረቡት ዘገባ እንደ ተገለጸው፣ በግሉ የኢኮኖሚ ዘርፍ በየዓመቱ ከሚከፈቱት የሥራ ቦታዎች ግማሽ ያህሉ ከ55 ዓመት በላይ ለሆኑ አመልካቾች ዝግ ነበሩ፤ ሩብ ያህሉ ደግሞ ከ45 በላይ ለሆኑት። ዘገባው የዕድሜ ገደቡ በአብዛኛው ከመላ ምት የመነጨና ከሥራ ችሎታ ጋር ያልተገናዘበ መሆኑንም አስገነዘበ።

በ1967 ፕሬዚዳንት ጆንሰን የፈረሙት ሕግ ከ40 እስከ 65 ዓመት ያሉትን ሠራተኞች ከመድልዎ ለመጠበቅ ታሰበ። ኦስለር የጠቃሚነት ማብቂያ ያሉት አርባ ዓመት በስድሳ ሁለት ዓመት ውስጥ የጥበቃ መጀመሪያ ሆነ ማለት ነው። የላይኛው ወሰን በ1978 ወደ 70 ከፍ አለ፤ በ1986 ከጥቂት የሥራ ዓይነቶች በስተቀር ጨርሶ ተነሣ፤ ቋሚ ሹመት ያላቸው የዩኒቨርሲቲ መምህራንም ከ1993 ማብቂያ በኋላ በዕድሜ ብቻ መሰናበታቸው ቀረ። በ1959 የተደነገገው የአየር መንገድ አብራሪዎች የ60 ዓመት ገደብም በ2007 ወደ 65 ተሻገረ። በእነዚህ ዘመናት ሁሉ የተንቀሳቀሰው በወረቀት ላይ ያለው መስመር ነው። ይሁን እንጂ ሕግ ብቻውን አእምሮን አይለውጥም፤ በ2009 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰጠው ውሳኔ ከሳሹ ዕድሜው ባይሆን ኖሮ ጉዳቱ እንደማይደርስበት ማስረዳት ስላለበት የማስረዳት ሸክሙ ከበደ።

ሥራው በእርግጥ ሲለካ ምን ተገኘ? ቲሞቲ ሶልትሃውስ የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1984 ባሳተሙት ጥናት ከ19 እስከ 72 ዓመት የሚደርሱ የጽሕፈት መኪና ጸሐፊዎችን መረመሩ። ዕድሜያቸው የገፋው ጣታቸው ቀርፋፋ ነበር፤ ነገር ግን የሚተይቡት ከወጣቶቹ ባልተናነሰ ፍጥነት ነበር። ምክንያቱም ዓይናቸው ከፊታቸው ያለውን ጽሑፍ ይበልጥ አርቆ ያነብብ ነበርና ነው። በ1989 ሁለት አጥኚዎች 96 የተለያዩ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያመዛዝኑ በዕድሜና በሥራ ውጤት መካከል ያለው ዝምድና ለዜሮ የቀረበ ሆኖ አገኙት። በ2012 የታተመ ሌላ ሰፊ ግምገማ ስለ አረጋውያን ሠራተኞች የሚነገሩ ስድስት ግምቶችን ፈትኖ በመረጃ የተደገፈው አንዱ ብቻ መሆኑን አሳየ፤ ይኸውም ለሥልጠና ያላቸው ፈቃደኝነት በመጠኑ ያነሰ መሆኑ ነው። ይህንንም መሸሸግ አይገባም። ዓይን ይደክማል፤ ጉልበትም ይከዳል። ነገር ግን በ2007 የቢ.ኤም.ደብሊው ኩባንያ በዲንጎልፊንግ ፋብሪካው የሠራተኞቹ አማካይ ዕድሜ 47 የሆነ የመገጣጠሚያ መስመር አቋቁሞ፣ እንደ እንጨት ወለል፣ እንደ መቀመጫና እንደ ማጉያ መነጽር ያሉ 70 ያህል አነስተኛ ማሻሻያዎች ሲያደርግ ምርታማነቱ በአንድ ዓመት ውስጥ በ7 በመቶ ከፍ ብሏል።

ይህ ታሪክ እኛን ስደተኞቹን የሚነካን በሁለት በኩል ነው። አብዛኞቻችን ያደግነው ዕድሜ ሳይለካ ክብር በሚያስገኝበት አገር ነው፤ ያረፍነው ደግሞ ዕድሜ ሳይለካ በሚያስነቅፍበት ገበያ ውስጥ። አገር ቤት «ጋሼ» ተብሎ ቦታ ይለቀቅለት የነበረው መምህር ወይም መሐንዲስ፣ እዚህ ሲደርስ አርባን አልፎ ከሆነ የማመልከቻው መልስ ዝምታ ሆኖበት መኪና ማቆሚያ ጠባቂ ወይም ታክሲ ነጂ ሆኗል። በዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠራችን ሌላ መዘዝ አለው። በሚያዝያ ወር 1950 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልደቱ በ1958 ነው። በስደት ወረቀቱ ላይ ቁጥሩ ሳይለወጥ 1950 ተብሎ ከተመዘገበ በአንድ የብዕር ጭረት ስምንት ዓመት አረጀ፤ የ37 ዓመቱ ጎልማሳ በቀጣሪው ዓይን የ45 ዓመት ሰው ሆነ። የመዝገብ ዕድሜና የሰው ዕድሜ ሁለት ነገር መሆናቸውን ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ ሕዝብ አይበዛም።

የኛም ስሕተት ሳይነገር አይለፍ። በማኅበሮቻችንና በጉባኤዎቻችን ሠላሳ ዓመት የሞላውን ምሁር «ገና ልጅ ነው» ብለን ስናስቀምጥ፣ ቀጣሪው በእኛ ላይ የፈረደውን ፍርድ ገልብጠን በልጆቻችን ላይ መፍረዳችን ነው። ሁለቱም ሥራውን ሳያዩ ዓመቱን ይቆጥራሉ።

ስለዚህ ከዚህ መጽሔት አንባብያን የሚጠበቅ አንድ ተግባር ያለ ይመስለናል። ከአርባ ዓመታቸው በኋላ በባዕድ አገር ሥራን እንደገና «ሀ» ብለው የጀመሩት ወገኖቻችን ምን እንደ ሠሩ፣ ምን እንደ ተማሩ፣ የት በር እንደ ተዘጋባቸው በየከተማው ሊጠየቁና ሊጻፍላቸው ይገባል። ብዙዎቹ ዛሬ ሰባን አልፈዋል። ቃላቸው ካልተመዘገበ ስለ እነርሱ የሚቀረው ማስረጃ ያ የተሳሳተው የልደት ዘመን ብቻ ይሆናል።