የይፋት ቅጠልና የተበተነ ቀልብ

ጫት በንጉሥ መናገሻ ሊተከል ተዝቶ እንደነበር ታውቃላችሁ? ነገሩ የሆነው በ1332 እ.ኤ.አ. ነው፡፡ የይፋቱ ገዢ ሰብረዲን በአፄ ዓምደ ጽዮን ላይ ሲነሳ፣ የንጉሡን ከተማ ይዤ ጫት እተክልበታለሁ፣ ሙስሊሞች ይወዱታልና ብሎ ፎከረ፡፡ ይህን የሚነግረን የንጉሡ ዜና መዋዕል ነው (ፉከራውን የጻፈው የባላጋራው ብዕር መሆኑን ልብ በሉልኝ)፡፡ ሰብረዲን አልቀናውም፡፡ ጫቱ ግን ቀናው፤ ዛሬ ሸዋ ሮቢት ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይቅመዋል፡፡

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፡፡ በ1349 የሞተው አረብ ጸሐፊ አል ዑመሪ፣ ይፋትን ጨምሮ ስለ ኢትዮጵያ ሙስሊም ግዛቶች ሲጽፍ ይህ ቅጠል አእምሮን እንደሚያነቃ፣ የተረሳን እንደሚያስታውስ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎትን እንደሚቀንስ ያወሳል፡፡

የተረሳን ማስታወስ! ይህ ወሬ ከልጅነቱ ጀምሮ ቀልቡ ለተበተነ ሰው እንዴት እንደሚጥም አስቡት፡፡ አምስት ሥራ ጀምሮ አንዱንም አይጨርስም፣ ቁልፉ ይጠፋበታል፣ ቀጠሮ ያሳልፋል፣ የወደደው ነገር ሲገኝ ግን ምሳውን ይረሳል፡፡ እኛ «ቀልበ ቢስ» ወይም «ሰነፍ» ብለን እንገላገለዋለን፡፡ ሐኪሞች ኤዲኤችዲ ይሉታል፡፡ ስኮትላንዳዊው ሐኪም አሌክሳንደር ክራይተን ተመሳሳይ ነገር የጻፈው በ1798 ነበር፤ ሆኖም ለረጅም ጊዜ የልጆች ችግር ብቻ ተደርጎ ቆየ፡፡ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ለአዋቂዎች የሚሆን መለኪያ በግልጽ ያስቀመጠው በ2013 ነው፡፡ ስንቱ እስከዚያ ድረስ ስንፍናው ነው ተብሎ አረጀ!

በ1937 ቻርልስ ብራድሊ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ለልጆች አምፌታሚን ሰጥቶ ትምህርታቸው ላይ ሲረጉ አየ፡፡ በ1975 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ከጫት ውስጥ ካቲኖን አገኘ፤ የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው፡፡ ስለዚህ ለአል ዑመሪ ያወሩለት ሰዎች አልዋሹም፡፡

ታዲያ በርጫ መድኃኒት ነው? አይደለም፡፡ የመድኃኒቱ መጠን ይታወቃል፣ ሐኪም ይከታተለዋል፡፡ የጫቱን መጠን ግን ማን ያውቃል? ካቲኖኑ ቅጠሉ ሲጠወልግ ይከስማል፤ በኮባ ተጠቅልሎ በሩጫ ገበያ የሚደርሰውም ለዚህ ነው፡፡ ከምርቃናው በኋላ ድብርትና ዱካክ አለ፣ እንቅልፍ የለም፡፡ ያልተኛ ሰው ቀልቡ በማግስቱ ይበልጥ ይበተናል፣ ያኔ ደግሞ ሌላ እስር ይገዛል፡፡ በፈተና ሰሞን ግቢ ውስጥ ይህን ዙሪያ ጥምጥም ስንቴ አየን!

ጫት ያነቃው ሁሉ ኤዲኤችዲ አለበት ማለትም አይደለም፣ ማንንም ያነቃልና፡፡ ምልክቱ ከ12 ዓመት በፊት መጀመር አለበት፤ እንቅልፍ ማጣትም፣ ድብርትም፣ ጫቱ ራሱም ሊመስሉት ይችላሉ፡፡ ከታወቀ በኋላ ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን የሚረዱት ቀላል ነገሮች ናቸው፤ ሥራን ከፋፍሎ መያዝ፣ ሁሉን መጻፍ፣ ቁልፍን ሁሌ አንድ ቦታ መስቀል፣ በሰዓቱ መተኛት፡፡ ሐኪም ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት በልጅነታችሁ እንዴት እንደነበራችሁ እናታችሁን ጠይቁ፣ እሱም መጠየቁ አይቀርም፡፡ የምትቅሙ ከሆነም አትደብቁት፤ መድኃኒቱና ጫቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ልብን ያስቸግራሉ፡፡