ሁሉን አቀፍ የአእምሮ ጤና ልየታ

ሕመሙን ያላወቀውን ወይም አውቆም ያልተናገረውን ሰው በአጭር መጠይቅ ወይም ምርመራ ፈልጎ ማግኘት በሕክምናው ‹ስክሪኒንግ› ይባላል። ጤና ጣቢያዎቻችን ለማኅፀን በር ካንሰር የለመዱት አቻ ቃል ‹ልየታ› ነው። መንግሥት ደግፎት ተማሪው ሁሉ፣ ነዋሪው ሁሉ ስለ አእምሮው ጤና ሲጠየቅ ‹ሁሉን አቀፍ ልየታ› ይሆናል። ልየታ «ይህ ሰው በሐኪም ይታይ» ይላል እንጂ የበሽታ ስም አይሰጥም። ስለ ልየታ የሚነሣው ስጋትም በአብዛኛው የሚመጣው ይህ ልዩነት ሲዘነጋ ነው።

በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ያቋቋሙት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2003 ትምህርት ቤቶችን ጨምሮ ቅድመ ልየታ እንዲስፋፋ ሲመክር ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። ወላጆች ልጃቸው ያለ ፈቃዳቸው እንዳይጠየቅና ከመጠይቁ በቀጥታ ወደ መድኃኒት እንዳይገፋ ፈሩ። ፍርሃቱ መሠረት ነበረው። ድባቴን ለመለየት በዓለም የተስፋፋው፣ እኛም አገር በአማርኛ ተተርጉሞ በጥናት ላይ የሚውለው ፒ ኤች ኪው ዘጠኝ የተባለው መጠይቅ የተሰናዳው የድባቴ መድኃኒት ይሸጥ በነበረው በፋይዘር የገንዘብ ድጋፍ ነው። ይህ መጠይቁን ዋጋ ቢስ አያደርገውም፤ ለምን ጥያቄ እንደተነሣ ግን ያስረዳል።

መጠይቁ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ድካም፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይጠይቃል። በአማራ ክልል በደምበጫ ገጠር በሐምሌ እርሻ የዛለ ገበሬ ወይም ፍልሰታን የያዘች እናት ምን ይመልሱ? ነጥባቸው ሊከማች ይችላል፤ በሽተኞች ግን ላይሆኑ ይችላሉ። ስሌቱን ለምሳሌ እንየው። ከ1000 ሰው 50ው ድባቴ አለባቸው እንበል፤ መሣሪያውም ሕመምተኛውንም ጤነኛውንም ከ100 በ90ው ላይ በትክክል ይለይ። 45 ሕመምተኞችን ያገኛል፤ 95 ጤነኞችንም አብሮ ይጠራል። ከተጠሩት 140 ሰዎች ሁለት ሦስተኛው ያህል በከንቱ ይጨነቃሉ።

ከዚያስ ማን ያያቸዋል? ዊልሰንና ዩንግነር እ.ኤ.አ. በ1968 ለዓለም ጤና ድርጅት ባወጡት መስፈርት ልየታ የሚገባው የማረጋገጫና የሕክምና አገልግሎት ሲኖር ነው። የመጠይቁ ዘጠነኛ ጥያቄ ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ነው። አንዲት ልጅ «አዎ» ብላ ስትመልስ ያን ቀን የሚያነጋግራት የሠለጠነ ሰው ከሌለ፣ ባትጠየቅ ይሻላት ነበር ብዬ አምናለሁ።

መልሱ የሚሰፍርበት መዝገብም ያሳስበኛል። ለጋብቻ ዘር በሚጣራበት አገር የአእምሮ ሕመም ጥርጣሬ ለአንድ ሰው ብቻ አይቀርም፤ እህቱም ላይ ይደርሳል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ግጭት በበረታበት የአማራ ክልል ደግሞ የቤተሰቡን ስምና የልቡን ጭንቀት ለመንግሥት ሠራተኛ አስመዝግብ ሲባል፣ ሰው ዝም ቢል ወይም «ደኅና ነኝ» ቢል አይፈረድበትም። በአረቄዋ በምትታወቀው ደምበጫ አረቄ አውጥታ የምትኖር ሴትም ልየታው ስለ መጠጥም ቢጠይቃት ጥያቄውን ከእንጀራዋ ለይታ ማየት ይከብዳታል።

ይህ ማለት ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። በሶዶ ወረዳ ጤና ጣቢያዎች የተካሄደ ጥናት ድባቴ ያለባቸው አብዛኞቹ ታካሚዎች ሳይታወቅላቸው እንደሚመለሱ አሳይቷል። ስለዚህ እኔ የምመርጠው ቅደም ተከተል ይህ ነው፤ ራስ ምታት ወይም እንቅልፍ ማጣት ብሎ በፈቃዱ የመጣውን በር ዘግቶ መጠየቅ፣ መድኃኒቱንና አማካሪውን በጤና ጣቢያው ማኖር፣ ወረቀቱ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው ከመጀመሪያው መንገር፣ እምቢ ያለውንም ያለ ቅጣት ማሰናበት። ቤት ለቤት እየዞሩ ሁሉን መጠየቁ ከዚህ በኋላ ይታሰብበት።