የሰዓት ጀርባ ታሪክ፦ ይቀረጽበት ወይስ ይተው?

እንበልና አንድ የሚወዳችሁ ሰው ውድ የእጅ ሰዓት ሰጣችሁ። ለምርቃት ሊሆን ይችላል፣ ለሠርግ፣ ወይም ከባሕር ማዶ የመጣ አጎት ከሻንጣው አውጥቶ “በል ይኼ ያንተ ነው” ያለው። ዋጋው የአንድ ዓመት ደመወዝ ያህላል። (እንበል ነው ያልነው፤ ምኞት ቀረጥ የለውም!) ሳጥኑን ከፍታችሁ፣ አጥልቃችሁት፣ እጃችሁን ወዲያና ወዲህ እያገላበጣችሁ ካደነቃችሁት በኋላ አንድ ጥያቄ ይመጣል። ጀርባው ላይ ይጻፍበት? ስም፣ ቀን፣ አንዲት ቃል ትቀረጽበት? ወይስ ከፋብሪካ እንደወጣ ልሙጥ ሆኖ ይኑር?

በዚህ ጉዳይ ሰው በሁለት ጎራ ይከፈላል። አንደኛው ጎራ “እንዳትነኩት!” ይላል። የተቀረጸበት ሰዓት ሲሸጥ ዋጋው ይወርዳል፣ ነገ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም ባይ ነው። ሁለተኛው ደግሞ “ስጦታ ሊሸጥ ነው እንዴ የሚሰጠው?” ብሎ ይቆጣል። እኛ ለማንኛውም ወገን ከማጨብጨባችን በፊት ታሪክን ብንጠይቅ ይሻላል ብለናል። ደግነቱ ታሪክ በሰዓት ጀርባ ላይ ብዙ ጽፏል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሊንከን ያላወቁት ጽሑፍ

በመጀመሪያ ስጦታ ካልሆነ ሰዓት እንነሳ። ብረት ላይ መጻፍ ምን ማለት እንደሆነ ከእሱ የበለጠ የሚያስረዳ አላገኘንምና።

ሚያዝያ 1861 ነው፤ ቦታው ዋሽንግተን። ጆናታን ዲሎን የሚባል ከአየርላንድ የመጣ ሰዓት ሠሪ የፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከንን የወርቅ የኪስ ሰዓት ፈታቶ እየጠገነ ነበር። በዚህ መሐል የደቡብ አማፂያን ፎርት ሰምተር የተባለውን ምሽግ መደብደባቸው ተሰማ። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጀመረ ማለት ነው። ዲሎን ታዲያ ምን አደረገ? ከሰዓቱ ገጽ ሥር ባለው ብረት ላይ በሹል መሣሪያ ጥቂት ቃላት ጫረ፤ ገጹን መልሶ ገጠመና ዝም አለ። ሊንከን በ1865 እስኪገደሉ ድረስ ኪሳቸው ውስጥ ምን ተጽፎ እንደሚዞር አላወቁም።

ዲሎን ምስጢሩን ለኒው ዮርክ ታይምስ የተናገረው በ1906 ነው፤ ከ45 ዓመት በኋላ፣ ሸምግሎ። እንደ እሱ ትዝታ ከሆነ የጻፈው የመጀመሪያው ጥይት መተኮሱን፣ ባርነት መሞቱን፣ ቢያንስ የሚሞክር ፕሬዚዳንት በመኖሩም አምላክን ማመስገኑን ነበር። መቼም ያማረ ቃል ነው። መጋቢት 2009 ላይ በዲሎን ዘር ጥያቄ የአሜሪካ ብሔራዊ የታሪክ ሙዚየም ሰዓቱን በሰው ፊት አስከፈተው። ጽሑፉ በእርግጥም ነበረ! ግን ስለ ባርነት አንድም ቃል የለውም። ቀኑ ተጽፏል፣ ምሽጉ በአማፂያን መጠቃቱ ተጽፏል፣ መንግሥት ስላለን አምላክ ይመስገን የሚል ተጽፏል፣ የዲሎን ስም ተጽፏል። በዚያ ላይ የምሽጉ ስም በፊደል ስሕተት ነው የተጻፈው፤ ጥቃቱ ደግሞ የተጀመረው ከተጻፈው ቀን አንድ ቀን ቀድሞ ነው። የሚገርመው፣ ሌላ እጅ ከጎኑ የአማፂያኑን መሪ የጄፍ ዴቪስን ስም ጨምሮበታል።

አያቶቻችን “በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል” ያሉት ይኼንኑ ነው። የዲሎን ትዝታ በ45 ዓመት ውስጥ ራሱን አሳምሮ፣ ታሪክ የፈለገችውን ልብስ ለብሶ ተገኘ። ብረቱ ግን የዚያን ቀን ድንጋጤ ከነፊደል ግድፈቱ ይዞ ቆየ። ቀረጻ ማለት እንግዲህ ይኼ ነው፤ አይረሳም፣ አያሳምርም፣ አያርምም።

የሦስት ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ምስጋና

አሁን ወደ ስጦታው እንሂድ። ታይታኒክ ሚያዝያ 1912 ስትሰጥም በመጀመሪያ የደረሰችላት መርከብ ካርፓቲያ ነበረች። ካፒቴኗ አርተር ሮስትሮን በሌሊት፣ በበረዶ ክምር መሐል መርከባቸውን አስፈትልከው ከ700 በላይ ሰዎችን ከጀልባ ላይ አነሱ። ከተረፉት መካከል ባሎቻቸው ታይታኒክ ላይ የቀሩባቸው ሦስት ሀብታም ሴቶች ነበሩ፤ ወይዘሮ አስተር፣ ወይዘሮ ዋይድነርና ወይዘሮ ታየር። ሦስቱ ተባብረው ለካፒቴኑ ከቲፋኒ መደብር የወርቅ የኪስ ሰዓት ገዙና የልብ ምስጋናቸውን፣ ቀኑንና ስማቸውን አስቀርጸው ሰጡ።

ይህ ሰዓት ኅዳር 2024 በእንግሊዝ አገር በጨረታ ሲሸጥ 1.56 ሚሊዮን ፓውንድ አወጣ። እስቲ ጽሑፉን በሐሳባችሁ ፍቁት። ምን ይቀራል? አንድ ያረጀ የቲፋኒ የወርቅ ሰዓት! ያን ያህል ገንዘብ የተከፈለው ለወርቁ አይደለም፤ ለእነዚያ ጥቂት መስመሮች ነው። ደግሞ ልብ በሉ፣ ካፒቴኑ በሰዓቱ ላይ “እኔ ጀግናው” ብለው አላስጻፉም። የተቀረጸው የሰጪዎቹ ድምፅ ነው። ይህንን ነጥብ ያዙልን፤ እንመለስበታለን።

“እናንተ ግን ፖል ኒውማን አይደላችሁም”

የመጀመሪያው ጎራ እዚህ ላይ እጁን ማውጣቱ አይቀርም። “እነዚህ እኮ ታሪክ የነካቸው ሰዓቶች ናቸው። የእናንተን ስም ማን ይገዛዋል?” እውነቱን ነው፤ መልስ ይገባዋል።

የሰዓት ገበያ የሚወደው ዝም ያለ ብረት ነው። ገዢ ሰዓቱን ሲያጠልቅ የራሱ እንዲመስለው ይፈልጋል፤ ጀርባው ላይ የማያውቀው ሰው የልደት ቀን ካለ የሌላ ሰው ደብዳቤ ይዞ የሚዞር ይመስለዋል። ጽሑፉን በማለስለስ ማጥፋት ይቻላል፤ ነገር ግን ብረቱ ይሳሳል፣ ሰብሳቢዎች ደግሞ የተሞረደ ክዳን አይወዱም። ስለዚህ ተራ ሰው ያስቀረጸው ሰዓት ብዙ ጊዜ ካልተቀረጸበት አንሶ ይሸጣል።

ለዚህ ሕግ ዝነኛው አፈንጋጭ የተዋናዩ የፖል ኒውማን ሮሌክስ ዴይቶና ነው። ሚስቱ ጆአን ውድዋርድ በ1960ዎቹ መጨረሻ ገዝታ ሰጠችው። ሰውየው የመኪና እሽቅድምድም ሱስ ይዞት ስለነበር ጀርባው ላይ ያስጻፈችው “በጥንቃቄ ንዳ፣ እኔ” የሚል ብቻ ነው። ስሟን እንኳ አልጻፈችም፤ “እኔ” ማን እንደሆነች እሱ ያውቃላ! ኒውማን በ1984 ሰዓቱን ለልጁ ጓደኛ ሰጠው። ጥቅምት 2017 ኒው ዮርክ ላይ በጨረታ ሲሸጥ 17.75 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አወጣ።

እሺ፣ እኛ ኒውማን አይደለንም፤ የእኛ ሰዓት ለሚሊዮን ጨረታ አይቀርብም። ግን ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ዋጋውን አይደለም። ሦስት ቃል አንድን ትዳር ሙሉ መያዙን ነው። ፍርሃቱ፣ ቀልዱ፣ መተዋወቁ ሁሉ እዚያች ብረት ላይ አለ። ጆአን ያንን ስታስጽፍ የጨረታ ዋጋ እያሰላች አልነበረም።

ቁጥር 1 የተመለሰበት ጊዜ

ቀረጻ ሁልጊዜ ያምራል ማለት ግን አይደለም። ሰው ጨረቃ ላይ በረገጠበት በ1969 ኦሜጋ የወርቅ ስፒድማስተር ሰዓቶችን አሠርቶ የሰው ልጅ ጠፈርን ድል ማድረጉን የሚያበስር ጽሑፍ ጀርባቸው ላይ አስቀረጸ። ለጠፈርተኞቹ በኅዳር ወር በሂዩስተን በተደረገ እራት ላይ ታደሉ። ቁጥር 1 የተመደበው ለፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ነበር። ኒክሰን ግን የሰዓቱ ዋጋ አንድ ባለሥልጣን ሊቀበለው ከሚችለው በላይ ነው ብለው መለሱት። ሰዓቱም ወደ ሠሪው ተመለሰ።

ትምህርቱ ቀላል ነው። ያማረ ጽሑፍ ስጦታን ስጦታ አያደርገውም። ለሹም የሚሰጥ ውድ ሰዓት ጀርባው ላይ ምንም ዓይነት ቅኔ ቢቀረጽበት ጥያቄው ጥያቄ ነው። መጀመሪያ መስጠቱና መቀበሉ ንጹሕ ይሁን፤ ጽሑፉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የእኛ ሰዎችስ ምን ይሉ ነበር?

በስጦታ ላይ መጻፍ የፈረንጅ ፈሊጥ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። የቤታችንን አሮጌ ፎቶዎች ገልብጡ እስቲ፤ “ለማስታወሻ ያህል” የማይል ስንቱ ነው? ወርቅ ቤቶቻችን በጋብቻ ቀለበት ውስጥ የሙሽሮችን ስም ሲቀርጹ ኖረዋል። ወደ ኋላ ከሄድን ደግሞ የብራና መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ መጽሐፉን ማን እንዳሠራው፣ ለየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሰጠው ተጽፎ እናገኛለን። ብዙ ጊዜም እርግማን ይከተላል፦ የሰረቀውም፣ ጽሑፉን የፋቀውም የተወገዘ ይሁን! አስተውሉ፣ መፋቅ ከመስረቅ ጎን ነው የተቆጠረው። የሰጪን ቃል ማጥፋት ዕቃውን ከመውሰድ የማይተናነስ ወንጀል ነበር።

ከሁሉም የሚበልጥብን ግን ለንደን ያለው ጽዋ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ለጎንደር ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን የወርቅ ጽዋ ሰጡ። ለማን እንደተሰጠም በግዕዝ ተቀረጸበት። ጽዋው በ1868 በመቅደላ የእንግሊዝ ጦር ከዘረፈው ሀብት ጋር ተጓዘ፤ ዛሬም በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ጽሑፉ ዘረፋውን አላስቆመም። ብረት ላይ የተጻፈ ቃል ወታደር አያስቆምም። ነገር ግን ጽዋው በባዕድ መስታወት ውስጥ ተቀምጦም ከየት እንደመጣና የማን እንደሆነ እየተናገረ ነው። ልሙጥ ቢሆን ኖሮ ያማረ ወርቅ ብቻ ይሆን ነበር። የተጻፈበት ስለሆነ ግን ምስክር ነው።

እንግዲህ ምን ይሁን?

እዚህ ላይ ነገሩ ይጠራል። ልሙጥ ሰዓት ገንዘብ ነው፤ የተቀረጸ ሰዓት ምስክር ነው። የምንመርጠው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ገንዘብ መሆን ደግሞ ነውር አይደለም። እናት ስትታመም፣ ሥራ ሲጠፋ ወይም አገር ለቆ መሄድ ሲመጣ ክንድ ላይ ያለ ሰዓት ቤት ኪራይ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ሰጪ ይህንን አስቦ ነው የሚሰጠው፤ “ለክፉ ቀን ትሁንህ” ያለ አባት ሰዓቱን ሳይሆን መተማመኛ ነው የሰጠው። እንዲህ ያለውን ሰዓት አትቅረጹ፤ ልሙጥነቱ ራሱ የሰጪው መልእክት ነው። ስለዚህ ከወርቅ ቤት በፊት የሚኬደው ወደ ሰጪው ነው። “ቢጻፍበት ምን ይጻፍ?” በሏቸው። ዝም ካሉ ወይም “ተወው” ካሉ ይበቃል።

ቃል ከሰጧችሁ ግን ቅረጹት! እኛ ወደዚህ እናጋድላለን። ስታስቀርጹ የራሳችሁን ስም በትልቁ አታስጽፉ፤ ሰዓቱ የእናንተ መሆኑን ክንዳችሁ ይመሰክራል። የሚጠፋው የሰጪው ድምፅ ነው። የካፒቴኑ ሰዓትም የኒውማንም የሚናገሩት በሰጪ አፍ ነው። እናታችሁ ሁልጊዜ የሚሏት አንዲት ቃልና ቀኑ ከአንድ አንቀጽ ምርቃት ይበልጣሉ።

ሥራውን ክዳኑን ከፍቶ ሲገጥም ውኃ መከላከያ ጎማውን በቦታው ለሚመልስ ሰው ስጡ። ጀርባው መስታወት ከሆነ የማሰሪያው ዘለበት ላይ ይቻላል። በፊደላችን ከሆነ ደግሞ (ለምን አይሆንም?) ቀራጩ ፊደል የሚያውቅ ይሁን፤ በጥቃቅን ሆሄ “ቸ”ና “ተ” በአንዲት ጭረት ነው የሚለያዩት። ረቂቁን ወረቀት ላይ አስጽፋችሁ ሦስት ጊዜ አንብቡ። የዲሎን ግድፈት 160 ዓመት አልፎትም እየተነበበ ነው።

ሰጪዎቻችን አንድ ቀን ያልፋሉ፤ እኛም ያሉንን ነገር እያሳመርን፣ እየቀነስንና እየጨመርን እናወራለን። ያን ጊዜ በትክክል ምን እንዳሉን የሚነግረን ብረቱ ብቻ ነው። ስለዚህ በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን ጠይቋቸው።