የቤላሞንት ኧርል ቻርልስ ኩት
ጆሹዋ ሬይኖልድስ፣ 1773–1774 እ.ኤ.አ.
የዘይት ቀለም በሸራ ላይ፤ የአየርላንድ ብሔራዊ ጋለሪ፣ ደብሊን

ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ፊቱ ላይ አይደለም፤ ባርኔጣው ላይ በተቆለለው ነጭ የሰጎን ላባና በሰፊው ካባ ላይ ነው። ካባው ባዝ የተባለው የብሪታንያ ኒሻን ተሸላሚዎች የክብር ልብስ ሲሆን ደንቡ ደማቅ ቀይ ነው። እዚህ ግን ወደ ሮዝ ያደላል። ሬይኖልድስ የሚወዳቸው አንዳንድ ቀያይ ቀለሞች ብርሃን የማይችሉ፣ ቶሎ የሚደበዝዙ ነበሩ።

ኩት አየርላንድ ውስጥ በካቫን አውራጃ ሰፊ ርስት ነበረው፤ ኩትሂል የተባለችው ከተማ ዛሬም በቤተሰቡ ስም ትጠራለች። ኒሻኑን በ1764 የተሸለመው ጦር ሜዳ ውሎ አይደለም። ከዓመት በፊት የኡልስተር ገበሬዎች ያለ ክፍያ መንገድ እንድንሠራ ተገደድን ብለው ተነሥተው ነበር፤ ሽልማቱ እነርሱን ጸጥ ላሰኘበት ነው። ሸራው ላይ ግን ከገበሬዎቹ አንድም አይታይም።

ኩት በ1773 መጀመሪያ ላይ ከቀድሞው የአየርላንድ እንደራሴ ከሎርድ ታውንሸንድ ጋር ለንደን ውስጥ በሽጉጥ ተጋጥሞ ብሽሽቱን ክፉኛ ቆሰለ። እንዲህ ተጀንኖ የቆመው ከዚያ በኋላ መሆኑ ነው! ሬይኖልድስ ደንበኛውን ማስደሰት ያውቅበታል፤ እዚህ ግን ትንሽ ሳያበዛው አልቀረም።

ሥዕሉ ቁመቱ ከ2 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ እባክዎ ራቅ ብለው ይመልከቱት።